ፍጻሜው መንገዱን የቀደመበት ታሪክ

ሕፃን ልጅ ማታ ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ተረት ሲሰማ፥ ትናንት የሰማውን ያንኑ ተረት ዛሬም ንገሩኝ ብሎ አያቱን ይለምናል። ቀበሮዋ ምን እንዳደረገች፥ ጅቡም በምን እንደ ተታለለ አሳምሮ ያውቃል፤ እንዲያውም አያቱ አንዲት ቃል የዘለሉ እንደ ሆነ «እንዲህ አልነበረም» ብሎ ያርማቸዋል። ፍጻሜውን ማወቁ ደስታውን አልቀነሰበትም። ሰው ካደገ በኋላ ግን ጠባዩ ይለወጥና የታሪክን ፍጻሜ እንደ ገንዘብ መቍጠር ይጀምራል፤ ያወቀው ባላወቀው ላይ ይኮራበታል፥ ያላወቀውም እንዳይነገረው ጆሮውን ይደፍናል። በዘመናችን ይህ ጠባይ ጐልቶ የታየው በአንድ አሜሪካዊ ደራሲ መጻሕፍትና ከመጻሕፍቱ ተወስዶ በቴሌቪዥን በቀረበው ተከታታይ ፊልም ምክንያት በተነሣው ክርክር ነውና፥ ስለዚያ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ይባላል። በ1948 በኒው ጀርዚ ተወልዶ፥ አስቀድሞ አጫጭር ልብ ወለዶችን፥ በኋላም ለቴሌቪዥን የሚሆኑ ድርሰቶችን ሲጽፍ ቈይቶ፥ በ1996 «የዙፋን ጨዋታ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ «የበረዶና የእሳት መዝሙር» ለሚባለው ረዥም ታሪክ መጀመሪያው ነበር። በ3 መጻሕፍት እጨርሰዋለሁ ብሎ ያሰበው ሥራ እየሰፋ ሄዶ 7 መጻሕፍት የሚፈልግ ሆነ። ሁለተኛው በ1998፥ ሦስተኛው በ2000፥ አራተኛው በ2005፥ አምስተኛው በ2011 ወጡ። ስድስተኛው «የክረምት ነፋሳት» የሚል ስም ተሰጥቶት ሲጠበቅ፥ ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ጊዜ ድረስ አልወጣም። ከመጽሐፍ እስከ መጽሐፍ ያለው ጊዜ 2 ዓመት የነበረው 5፥ ከዚያም 6 እየሆነ መሄዱን አንባቢ ልብ ይበል፤ የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነውና።

ታሪኩ የሚፈጸመው ዌስቴሮስ በሚባል፥ ደራሲው ከልቡ በፈጠረው አገር ነው። ንጉሡ ሲሞት ታላላቅ ቤቶች ስለ ዙፋኑ ይዋጋሉ፤ በሰሜን በኩል ከበረዶ ከተሠራ ታላቅ ግንብ ባሻገር ሙታን ይነሣሉ፤ ከባሕር ማዶ ደግሞ ዴኔሪስ የምትባል የተሰደደች የንጉሥ ልጅ ሦስት ዘንዶ ታሳድጋለች። ዘንዶውን ትተን ሽኵቻውን ብቻ ያየን እንደ ሆነ፥ የዘመነ መሳፍንትን ወሬ ከአባቶቹ ለሰማ ሰው እንግዳ ነገር የለበትም። የመጽሐፉ ዋጋም ያለው በዘንዶው አይደለም፤ ሰው የሠራው ሥራ ዞሮ ተመልሶ ዋጋውን ሳያስከፍለው እንደማይቀር በትዕግሥት ማሳየቱ ላይ ነው። ኔድ ስታርክ የሚባለው ቅን ሰው የንግሥቲቱን ምስጢር ከደረሰበት በኋላ፥ ለልጆቿ አዝኖ አስቀድሞ ያስጠነቅቃታል፤ በዚህችው ርኅራኄ ምክንያት አንገቱ ይቈረጣል። ልጁ ሮብ ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ መስፍን ልጅህን አገባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ሳለ ሌላ ሴት ያገባል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ያደረገው በፍቅር አብዶ አይደለም፤ ቈስሎ በተኛበት፥ ወንድሞችህ ሞቱ የሚል ወሬም ሰምቶ ባዘነበት ጊዜ ያጽናናችውን ልጅ ክብሯን አጕድዬ አልተዋትም ብሎ ነው። የአንዲቱን ክብር እጠብቃለሁ ሲል የራሱን ቃል አፈረሰ፤ ሽማግሌውም በሮብ አጎት ሰርግ ላይ ከነእናቱና ከነሠራዊቱ አሳረደው።

ይህ የሰርግ እልቂት በ2000 የታተመ ነገር ነው። ኤች. ቢ. ኦ. የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት፥ ዴቪድ ቤኒኦፍና ዲ. ቢ. ዋይስ የተባሉ ሁለት ሰዎች የሚመሩትን ተከታታይ ፊልም በሚያዝያ 2011 ማሳየት ሲጀምር፥ መጻሕፍቱን ያነበቡት ሰዎች የሚመጣውን ሁሉ ያውቁ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ አምስተኛው መጽሐፍ ስለ ወጣ፥ ፊልሙ በዓመት 10 ክፍል እያሳየ ደራሲውን ይደርስበታል ብሎ የሚፈራ ብዙ ሰው አልነበረም። ስለዚህም አንባቢዎቹ የተመልካቾቹ ጌቶች ሆኑ። ሰርጉ በሰኔ 2013 በፊልሙ በታየ ጊዜ፥ ብዙ አንባቢዎች ምንም የማያውቁ ወዳጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን አስቀምጠው፥ ሲደነግጡና ሲያለቅሱ በስውር ፎቶግራፍ ማንሻ ቀርጸው ለዓለም አሳዩአቸው። ባልንጀራን ሳያውቅ አስለቅሶ እርሱኑ መሳቂያ ማድረግ ጨዋታ ነው ቢባልም፥ እኔ ግን የሚያስመሰግን ሆኖ አላገኘሁትም። ባልየው ከሐዘኑ ላይ ሚስቱ እየሳቀችበት መሆኗን ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን?

ነገሩ የተገለበጠው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ጆን ስኖው የሚባለው ወጣት በራሱ ጭፍሮች ጩቤ ተወግቶ ይወድቃል፤ ይህ የአምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ሲሆን፥ አንባቢዎቹ ከ2011 ጀምሮ ሞተ ወይስ ይነሣል እያሉ ሲከራከሩበት የኖሩበት ጥያቄ ነው። ፊልሙም በሰኔ 2015 አምስተኛውን ዙር በዚያው በወደቀው ሰው ላይ ዘጋ። በዚያች ማታ አንባቢውና ተመልካቹ በአንድ ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ ሁለቱም ከደጁ በስተጀርባ ያለውን አያውቁም። ጥር 2 ቀን 2016 ደራሲው ራሱ በጽሑፍ ወጥቶ፥ መጽሐፉን በ2015 ጥቅምት መጨረሻ፥ ያም ባይሆን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሊያስረክብ አስቦ እንዳልቻለ፥ ስለዚህ ፊልሙ መጽሐፉን እንደሚቀድመው ሳይሸሽግ ተናገረ። በዚያው ዓመት በግንቦት መጀመሪያ ጆን ስኖው በቴሌቪዥን ተነሣ። በሰኔ መጨረሻም የእርሱ እናት ማን እንደ ሆነች፥ አንባቢዎቹ ከ1996 ጀምሮ 20 ዓመት ሙሉ መስመር ከመስመር እያስተያዩ ሲመረምሩት የነበረው ምስጢር፥ በጥቂት ደቂቃ ተገልጦ አለቀ።

እንግዲህ ትናንት ወዳጁን አስቀምጦ ያስለቀሰው ሰው፥ ዛሬ «አትንገሩኝ» እያለ የሚሸሽ ሆነ። ከፊሎቹ መጽሐፉ እስኪወጣ ፊልሙን አናይም ብለው ማሉ፤ ነገር ግን ወሬው በየመሥሪያ ቤቱና በየቡና ቤቱ ስለ ነበረ መሐላቸው ብዙ አልጠቀማቸውም። ከፊሎቹ ደግሞ እውነተኛው ታሪክ በመጽሐፉ የሚገኘው ብቻ ነው፥ በፊልሙ የታየው እንዳልሆነ ይቈጠራል አሉ። ተመልካቾቹም በተራቸው አንባቢዎቹን «እንግዲህ እኛም እናንተም እኩል ሆንን» ብለው አላገጡባቸው። በሁለቱም ወገን የነበረው እምነት አንድ ነው፤ ይኸውም የታሪክ ሀብቱ ፍጻሜው ነው፥ ፍጻሜውን አስቀድሞ የያዘ ሀብታም ነው የሚል ነው።

ስለ ደራሲው ዕዳም ብዙ ተባለ። በ2005 የአራተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ደራሲው ለአንባቢዎቹ ባስቀመጠው ቃል፥ የቀረው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት እንደሚወጣ ተስፋውን ገልጦ ነበር፤ የወጣው ከ6 ዓመት በኋላ ነው። አንባቢዎቹ ላም አለኝ በሰማይ የምንለው ነገር ደረሰባቸው። ኒል ጌይማን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ2009 ለአንድ አንባቢ ሲመልስ፥ መጽሐፍ ገዝተሃልና ደራሲው ሎሌህ ሆኖ አይሠራልህም በሚል ሐሳብ ተከራከረለት። በዚህ ነገር ደራሲውን አንባቢው ሊከሰው አይችልም በሚለው እስማማለሁ፤ የአንድን መጽሐፍ ዋጋ የከፈለ ሰው የተቀበለው ያንኑ መጽሐፍ ነው። ይልቁንም የደራሲውን ዕድሜ እየቈጠሩ፥ ውፍረቱንም እያዩ፥ ሳይጨርስ ይሞት ይሆን እያሉ በአደባባይ መነጋገር ነውር ነው። ገና በሕይወት ያለን ሰው ለተዝካሩ እንደሚያስቡለት ሁሉ አፍ አውጥቶ መናገር ምን ያህል እንደሚያስቀይም ለመረዳት ብዙ መማር አያስፈልግም። ሆኖም ደራሲው ቀን እየቈረጠ ተስፋ ባይሰጥ ኖሮ ቍጣው ግማሽ ይሆን ነበር።

ያልተፈጸመን ታሪክ ሌላ ሰው ሲቀድመው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ቻርልስ ዲክንስ «ኒኮላስ ኒክልቢ» የተባለውን መጽሐፉን በየወሩ በክፍል በክፍል ሲያወጣ፥ ገና በመካከሉ ሳለ በ1838 በለንደን አንድ ትያትር ቤት ፍጻሜ ተቀጥሎለት ታየ። ዲክንስም ተናድዶ፥ የሰው ልብ ወለድ ሳያልቅ እየነጠቀ ትያትር የሚያደርገውን ሰው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶ ተዘባበተበት። ከዚህ የሚበልጠው ግን የእስፓኛዊው የሰርቫንቴስ ነገር ነው። «ዶን ኪሆቴ» በ1605 ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ክፍል ሲዘገይ፥ አቬላኔዳ በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ፥ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው በ1614 የራሱን ሁለተኛ ክፍል ጽፎ አሳተመ። ሰርቫንቴስ ይህ ሲደርሰው በመጻፍ ላይ ነበር። ምን አደረገ? ዶን ኪሆቴን ከአንድ ማደሪያ ቤት አስገብቶ፥ እንግዶች ስለዚያ ሐሰተኛ መጽሐፍ ሲነጋገሩ እንዲሰማ አደረገው፤ ዶን ኪሆቴም በሐሰተኛው መጽሐፍ ሣራጎሳ ሄደሃል መባሉን በሰማ ጊዜ፥ ውሸታሙን ለማሳፈር ሲል ወደ ሣራጎሳ የጀመረውን ጕዞ ትቶ ወደ ባርሴሎና ሄደ። መጽሐፉ በ1615 ወጣ፤ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይቀጥለው ሰርቫንቴስ ባለታሪኩን አሙቶ ቀበረው፤ ራሱም በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። መቀደሙ መጽሐፉን አልጐዳውም፤ ይልቁንስ ቍጣ ጨመረለት፥ ቍጣውም ወደ ሣቅ ተለወጠለት።

የማርቲን ነገር ከእነዚህ የሚለየው፥ የቀደሙት ሰዎች ነጣቂዎች አለመሆናቸው ነው። ገና በ2006 ደራሲውን ባገኙት ጊዜ የጆን ስኖው እናት ማን ናት ብሎ ጠይቆአቸው በትክክል መልሰዋል፤ በኋላም መጽሐፉ እንደማይደርስ ሲያዩ እርሱ ወደሚኖርበት ወደ ሳንታ ፌ ሄደው፥ የእያንዳንዱን ሰው ፍጻሜ ከአፉ ጠይቀው ተረዱ። እንግዲህ ፍጻሜው ሀብት ከሆነ፥ እነዚህ ሁለት ሰዎች በዓለም ላይ ከማንም አንባቢ ይልቅ ሀብታሞች ነበሩ። የያዙት ሀብት ምን አደረገላቸው የሚለውን ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል።

ስታኒስ የሚባለውን መስፍን እንውሰድ። ይህ ሰው ዙፋኑ በሕግ የኔ ነው ብሎ የሚያምን፥ ከሕግ በቀር ሌላ የማያውቅ፥ ጥርሱን እያፋጨ የሚኖር ደረቅ ሰው ነው። አንዲት ሺሪን የምትባል ፊቷ በደዌ የተበላሸ ሴት ልጅ አለችው። በአምስተኛው ዙር በሰኔ 2015 በታየው ክፍል፥ በእሳት የምታመልከውን ጠንቋይ ሰምቶ ይህችን ልጁን በእንጨት ላይ አስሮ ያቃጥላታል። የፊልሙ መሪዎች ይህን ከደራሲው እንደ ሰሙት ተናግረዋል፤ ስለዚህ ፍጻሜው የደራሲው ነው። መንገዱ ግን የማነው? በፊልሙ ውስጥ 20 የጠላት ወታደሮች በሌሊት ገብተው ስንቁን ያቃጥላሉ፤ በዚያው ክፍል፥ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፥ ልጅቱ ትቃጠላለች። ከጥቂት ሳምንት በፊት ያው አባት፥ ልጁ ከደዌዋ እንድትድን ምን ያህል እንደ ደከመላት ሲነግራት አይተናል። አባት ልጁን ለመግደል የሚደርስበት መንገድ በዓለም ላይ ካሉ መንገዶች ሁሉ የሚረዝም መሆን ሲገባው፥ ከእራት እስከ መኝታ ባለ ጊዜ ተጓዘው። ተመልካቹ ደነገጠ፤ ነገር ግን ድንጋጤው ኔድ ስታርክ በሞተ ጊዜ እንደ ነበረው ዐይነት አይደለም። በኔድ ጊዜ ካለቀስን በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናስብ እያንዳንዱን እርምጃ አይተን፥ «ወዮ፥ እኮ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው» እንል ነበር፤ ለስታኒስ ግን ተመልሶ የሚታይ እርምጃ የለውም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በእውነቱም እያጠረ ሄደ። በመጀመሪያው ክፍል ንጉሡ ከመናገሻ ከተማው ወደ ሰሜን ለመውጣት አንድ ወር ተጕዞ ነበር፤ በሰባተኛው ዙር በ2017 ጥቂት ሰዎች በቀዘቀዘ ሐይቅ መካከል ተከብበው ሳሉ፥ አንዱ ሮጦ መልእክት ያደርሳል፥ ወፍ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ ትበራለች፥ ዘንዶዎቹም መጥተው ያድኑአቸዋል፤ ሰዎቹ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ስለ ርቀት መጨቃጨቅ የሕፃን ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ርቀቱ የሥነ ምግባር ነገር ነበር እላለሁ፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ሰው የሚለወጠው በመንገድ ላይ ነውና። የሚፎክረው ባላባት እጁን ተቈርጦ ትሕትና የተማረው፥ አባቷ የሞተባት ሕፃንም ነፍሰ ገዳይ የሆነችው በጭቃና በራብ በረዥም ጕዞ ነበር። መንገዱን ያነሣ ሰው የመለወጡን ምክንያት አብሮ አንሥቶታል።

የመጨረሻው ዙር 6 ክፍል ብቻ ሆኖ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት 2019 ታየ። ስምንት ዓመት ሙሉ ባሪያ ስታስፈታ ያየናት ዴኔሪስ፥ ከተማይቱ እጇን ሰጥታ ደወል ከተደወለ በኋላ በዘንዶዋ ላይ ሆና ሕዝቡን ሁሉ ከነልጆቹ አቃጠለች። ለዚህ የሚሆን ምክንያት ፊልሙ አላቀረበም አልልም፤ ዘንዶዎቿ ሞተውባታል፥ ታማኝ ባላባቷ ወድቆባታል፥ ወዳጇ አንገቷ ተቈርጦባታል፥ የምትወደው ሰው በዙፋኑ ከእርሷ የበለጠ መብት እንዳለው ታውቆባታል። ነገር ግን አብዛኛው በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ ዝናብ ስለ ወረደባት፥ ተመልካቹ የሴቲቱን ጥፋት ሳይሆን የጸሐፊዎቹን ችኰላ አየ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ዙሩ በሚገባ በሚችሉ ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራ ብለው ፈረሙ። ያቀረቡት አቤቱታ ሌሎች ጸሐፊዎችን እንጂ ሌላ ፍጻሜን በስም የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ዓመት ፊልሙ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት ተቀበለ፤ ሽልማት የሚሰጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋሉ።

ለፊልሙ ሠሪዎች መፍረድም ተገቢ ነው። መጽሐፍ ይዘገያል፥ ተዋናይ ግን ያረጃል፤ በ2011 ሕፃናት የነበሩት ልጆች ቢጠበቁ ኖሮ ባለ ትዳር ሆነው ይመለሱ ነበር። ደግሞ ቀድመው ከሄዱ በኋላ የሠሩት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ሆዶር የሚባለው፥ ከገዛ ስሙ በቀር ሌላ ቃል የማይወጣው ግዙፍ ሎሌ አለ። ይህ ሰው ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ በግንቦት 2016 በታየው ክፍል ተገለጠ፤ ሙታን እንዳያልፉ በጀርባው በር ይዞ ሲሞት፥ «በሩን ያዝ» የሚለው ትእዛዝ በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ በልጅነቱ አእምሮውን እንደ ሰበረው፥ ያ ትእዛዝም በእንግሊዝኛ እየተቈራረጠ ስሙ እንደ ሆነ አየን። ይህም ሐሳብ ከደራሲው አፍ የተሰማ ነው፤ ታዲያ የስታኒስ ሲከሽፍ ይህ እንዴት ሰመረ? ምክንያቱ ሆዶር መንገዱን አስቀድሞ የጨረሰ መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ 5 ዓመት ሙሉ ያችን ቃል ሲደጋግማት ሰምተን፥ ስቀንበትም ስለ ነበር፥ ፍጻሜው ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ ተዘጋጅቶለት ነበር። ያለቀስነውም ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ሣቃችንንም ጭምር ነው።

ፍጻሜን ማወቅ ታሪክን ያረክሳል የሚለው ሐሳብ ለእኛ አገር አንባቢ ከሌላው ይልቅ ሊደንቀው ይገባል። ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ የመጽሐፋቸውን ፍጻሜ በሽፋኑ ላይ ጽፈውታል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብለው ሲሰይሙት የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር በምን እንደሚያልቅ የሸሸጉት ነገር የለም። ከዚያም በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ ያንን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲያነበው፥ መጽሐፉን ጨርሰው ያስቀመጡት ሰዎች ከማያውቁት ጋር አብረው ተሰብስበው አዳምጠዋል። አንባቢው ባድማጩ ላይ የሚኰራበት፥ አድማጩም አንባቢውን የሚሸሽበት ምክንያት አልነበረም፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተጽፎ ስላለቀ በየትኛውም በኩል የመጣ ሰው የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ መጽሐፉን በላብን እያሉ ለሚያዝኑት አንባቢዎች ብዙ አላዝንላቸውም። በአንድ ነገር ግን እውነት አላቸው። ስለዚያ ወጣት እናት 20 ዓመት ሲከራከሩ፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ከአንድ መጽሐፍ ላይ አንዲት የአበባ ስም፥ አንዲት የሕልም ቃል እየለቀሙ ሲላላኩ የነበሩት ሰዎች፥ በእውነት የሚያነቡት ያን ጊዜ ነበር። ያ መቀመጫ በአንድ ማታ ፈረሰ፤ መልሱ ትክክል መሆኑም አላጽናናቸውም።

መጽሐፉ እስካሁን ባለበት ሁኔታ ስታኒስ በሰሜን አገር በአንዲት ትንሽ መንደር በበረዶ ተይዞ፥ ሰዎቹ በራብ እየሞቱ፥ ፈረሶቻቸውንም አርደው እየበሉ ተቀምጦአል። ሺሪን ከእርሱ ጋር አይደለችም፤ ከእናቷና ከዚያች ከእሳት አምላኪዋ ጋር በብዙ ቀን መንገድ ርቃ በግንቡ ሥር ትገኛለች። እሳት እንደሚነድ አንባቢው ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶአል። ማን እንደሚያነድደው፥ አባትየው በዚያ ይኑር አይኑር፥ ያን ሁሉ በረዶ አቋርጦ ይድረስ አይድረስ፥ የደረሰ እንደ ሆነም በመንገድ ላይ ከነበረው ሰው ምን ያህሉ ቀርቶለት እንደሚደርስ ገና አልተጻፈም።